ዳታቤዙ «በቃኝ» ሲል፦ በሼርድ ሆስቲንግ ላይ ከኩዌሪ ገደብ ጋር መሥራት

ጠዋት ዌብሳይቱ ደህና ነበር። ከሰዓት በኋላ ስትከፍቱት ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም የሚል አንድ መስመር ብቻ ይመጣል። የይለፍ ቃሉ አልተቀየረም። ኮዱን ማንም አልነካውም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ማንም ሳይነካው ተመልሶ ይሠራል። ማታ እንደገና ይጠፋል።

ይህ የመሄድና የመመለስ ጠባይ ትልቅ ምልክት ነው። የይለፍ ቃል ስህተት ቢሆን በራሱ ጊዜ አይስተካከልም ነበር። የእኔ ሳይት እንዲህ ያደረገ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ተጠልፌ ይሆናል ብዬ ደክሜአለሁ። ኋላ ስመለከተው የሆስቲንግ ድርጅቱ ለዳታቤዝ ተጠቃሚዬ (ሳይቱ ወደ ዳታቤዙ ለሚገባበት ስም) በሰዓት የሚላክ የኩዌሪ ገደብ ጥሎበት ኖሯል። ኩዌሪ ማለት ሳይቱ ለዳታቤዙ የሚልከው ጥያቄ ነው። የሰዓቱን ድርሻ በ40 ደቂቃ ጨርሼ ቀሪውን 20 ደቂቃ ሳይቱ ተዘግቶ ይቆያል።

ገደቡ መኖሩ ተገቢ ነው። ሼርድ ሆስቲንግ ማለት አንድ ሰርቨር ብዙ ሰው የሚጋራው ቤት ነው። አንዱ ዳታቤዙን ሌት ተቀን ካስጨነቀው ሌላው ሁሉ ይንቀራፈፋል። በልምዴ ያየሁት ደግሞ ይህን ነው፦ ገደቡን የሚያልፉ ሳይቶች አብዛኞቹ ጎብኚ ስለበዛባቸው አይደለም የሚያልፉት። ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ስለሚጠይቁ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ሳይጨመር፣ ሆስቲንግም ሳይቀየር መፍትሔ ይገኛል።

ከዚህ በታች ያሉትን የትዕዛዝ ስሞች በአነባበባቸው ነው የጻፍኳቸው። ኮድ ውስጥ ስታስገቧቸው በተለመደው የላቲን ፊደል ጻፏቸው።

1. የትኛው ገደብ እንደሆነ ለዩ

በማይኤስኪውኤልም ሆነ በማሪያዲቢ (ሁለቱም የዳታቤዝ ሶፍትዌሮች ናቸው) አንድ የዳታቤዝ ተጠቃሚ ላይ አራት ዓይነት ገደብ ሊጣል ይችላል። አንደኛው በሰዓት የሚላኩ ኩዌሪዎች ብዛት ነው። ሁለተኛው በሰዓት የሚደረጉ ለውጦች፣ ማለትም መጻፍ፣ ማሻሻልና መሰረዝ ነው። ሦስተኛው በሰዓት ስንት ጊዜ ግንኙነት መክፈት እንደሚቻል ነው። አራተኛው ከሰዓት ጋር አይያያዝም፤ በአንድ ቅጽበት ስንት ግንኙነት ክፍት መሆን እንደሚችል ነው።

መድኃኒታቸው ይለያያል። ስለዚህ የስህተቱን ቁጥር ሳታዩ አትጀምሩ። ቁጥሩን በፒኤችፒ (ሳይቱ የተጻፈበት ቋንቋ) የስህተት ሎግ፣ ማለትም ስህተቶች በሚመዘገቡበት ፋይል ውስጥ ታገኙታላችሁ። 1226 ከሆነ መልእክቱ ራሱ ያለፋችሁትን ገደብ ስምና ጣሪያውን ይነግራችኋል። ከዚህ የተሻለ ፍንጭ የለም። 1203 ከሆነ በአንድ ጊዜ ክፍት የሆኑት ግንኙነቶቻችሁ በዝተዋል። 1040 ከሆነ ሰርቨሩ በጠቅላላው ሞልቷል ማለት ነው፤ ጥፋቱ የጎረቤት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ለሆስቲንግ ድርጅቱ መጻፍ እንጂ ኮድ ማስተካከል ብዙም አይረዳችሁም። ብራውዘሩ 508 የሚል ቁጥር ካሳያችሁ ደግሞ ነገሩ ከዳታቤዙ የኩዌሪ ገደብ ውጭ ነው። እሱ ክላውድሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት በአካውንታችሁ ላይ የጣለው የሀብት ገደብ ነው።

ጣሪያችሁን በቀጥታ ማየት ከፈለጋችሁ ፒኤችፒማይአድሚን (ዳታቤዙን በብራውዘር የምታስተዳድሩበት መሣሪያ) ውስጥ «ሾው ግራንትስ» ወይም «ሾው ክሪኤት ዩዘር» የሚለውን ትዕዛዝ በራሳችሁ ተጠቃሚ ላይ ሞክሩ። በሦስቱ የሰዓት ገደቦች ላይ ዜሮ ካያችሁ ወይም ስማቸው ጨርሶ ካልተጻፈ ገደብ የለባችሁም ማለት ነው።

2. ቁጠሩ

ሰው ሁሉ የሚዘልለው ደረጃ ይህ ነው። እባካችሁ አትዝለሉት። ሳይቆጥሩ ማሻሻል ጨለማ ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው።

የራሳችሁ ኮድ ከሆነ ከገጹ መጨረሻ ላይ «ሾው ሴሽን ስታተስ» ብላችሁ «ኩዌስችንስ» የሚለውን ተለዋዋጭ አንብቡ። በዚያ ግንኙነት ላይ እስካሁን ስንት ጥያቄ እንደተላከ ይነግራችኋል። ቁጥሩን በኤችቲኤምኤል ኮሜንት ውስጥ አትሙት፤ ጎብኚው አያየውም፣ እናንተ ግን የገጹን ምንጭ ከፍታችሁ ታነቡታላችሁ። ዎርድፕረስ በሚባለው የሳይት መሥሪያ ላይ ከሆናችሁ ኩዌሪ ሞኒተር የሚባለውን ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ጫኑ። ብዛቱን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ኩዌሪ የትኛው ፕለጊን እንደላከው፣ የትኞቹ እንደተደገሙም ለይቶ ያሳያል። ሥራችሁን ስትጨርሱ አጥፉት።

የመጀመሪያውን ገጽ፣ አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ምድብ፣ የፍለጋ ውጤት ገጽና የሌለ ገጽ እየከፈታችሁ ቁጥሩን መዝግቡ። የሌለውን ገጽ አትርሱ። ዎርድፕረስ አንድ ገጽ እንደሌለ ለማወቅም ዳታቤዙን ይጠይቃል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ገደባችሁ በሰዓት 50,000 ኩዌሪ ነው እንበል። አንድ ገጽ 60 ኩዌሪ ይልካል። 50,000 ለ60 ሲካፈል 833 ገጽ ገደማ ነው። በደቂቃ 14 ገጽ እንኳ አይሞላም። በሌላ በኩል በሰከንድ አንድ ገጽ የሚጎበኝ አንድ ቦት (ገጾችን በራሱ የሚከፍት ፕሮግራም) በሰዓት 3,600 ገጽ ይከፍታል። 216,000 ኩዌሪ ማለት ነው። አንድ ሰው ሳይቱን ሳያየው ድርሻችሁ 14 ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል።

ይህን ሒሳብ በራሳችሁ ቁጥር ስትሠሩት ቀጣዩ እርምጃችሁ ራሱ ይታያችኋል። ገጹ 25 ኩዌሪ ብቻ የሚልክ ሆኖ ገደቡ ካለቀ ችግሩ የሚመጣው ከጎብኚው ወገን ነው። ገጹ 400 ኩዌሪ የሚልክ ከሆነ ችግሩ ኮዱ ውስጥ ነው። ሁለቱም ከሆነ ከቦቶቹ ጀምሩ። ፈጣኑ ሥራ እሱ ነው።

3. ማን እየጠየቀ እንደሆነ እዩ

ሲፓነል (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) ላይ የአክሰስ ሎጉን፣ ማለትም የጎብኚዎችን መዝገብ፣ ማውረድ ይቻላል። ገደቡ ያለቀበትን ሰዓት ፈልጉና በዚያ ሰዓት የመጣውን አንብቡ። የትኛው የአይፒ አድራሻ እንደተደጋገመ፣ ጎብኚው ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራና የትኛው ገጽ ደጋግሞ እንደተከፈተ ተመልከቱ።

ብዙ ጊዜ የምታገኙት ተመሳሳይ ነገር ነው። ዎርድፕረስ ከሆነ የመግቢያ ገጹንና ኤክስኤምኤል-አርፒሲ የሚባለውን፣ የውጭ አፖች ከሳይቱ ጋር የሚነጋገሩበትን ፋይል ሲደበድቡ የሚውሉ ቦቶች አሉ። ኤክስኤምኤል-አርፒሲን የምትጠቀሙበት አፕ ወይም ፕለጊን ከሌለ በኤችቲአክሰስ ፋይል (ለሰርቨሩ መመሪያ የሚጻፍበት) ዝጉት። እዚያ ሲዘጋ ፒኤችፒ ራሱ አይነሳም፣ ዳታቤዙም አይጠየቅም። በፕለጊን ከዘጋችሁት ግን ዎርድፕረስ ተነስቶ፣ ዳታቤዙን ጠይቆ፣ ከዚያ ነው «አይቻልም» የሚለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሌላው ወጥመድ ማለቂያ የሌለው አድራሻ ነው። «ቀጣይ ወር» የሚል ሊንክ ያለው የቀን መቁጠሪያ ለቦት ገደል ነው፤ የዛሬ መቶ ዓመት ድረስ ይሄዳል። በቀለም፣ በመጠን፣ በዋጋ የሚያጣሩ የዕቃ ገጾችም እንዲሁ ናቸው። ማጣሪያዎቹ እርስ በርስ ሲባዙ 200 ዕቃ ያለው ሳይት በመቶ ሺህ የሚቆጠር አድራሻ ይወጣዋል። እንዲህ ያሉትን በሮቦትስ ፋይል (ቦቶች የትኛውን ገጽ እንዳይጎበኙ የሚነገራቸው ፋይል) ውስጥ ከልክሉ። ጨዋዎቹ ቦቶች ይሰማሉ። የማይሰሙትን በስማቸው ወይም በአይፒያቸው በኤችቲአክሰስ መመለስ ነው። አንድ ማስታወሻ፦ ሮቦትስ ፋይል ውስጥ የሚጻፈውን «ክሮል ዲሌይ» (በጉብኝቶች መካከል የሚጠበቅ ጊዜ) ቢንግ ያከብረዋል፣ ጉግል ግን አይመለከተውም።

የራሳችሁንም ሰው አትርሱ። የዎርድፕረስ አስተዳዳሪ ገጽ ብራውዘር ላይ ተከፍቶ ሲውል «ሃርትቢት» በሚባለው ዘዴ በየጊዜው ሰርቨሩን ይጠይቃል። ሦስት ሰው አምስት አምስት ታብ ከፍቶ ሲሠራ ቢውል አስቡት። የሃርትቢቱን ጊዜ በፕለጊን ማራዘም ይቻላል። ታብ መዝጋት ደግሞ ፕለጊን አይፈልግም።

የዎርድፕረስ ክሮንም (በጊዜ ሰሌዳ የሚሠሩ ሥራዎችን የሚያስነሳው) ጎብኚ በመጣ ቁጥር ነው የሚቀሰቀሰው። በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ «ዲሴብል ደብሊውፒ ክሮን» የሚለውን አብሩና በምትኩ ከሲፓነል እውነተኛ ክሮን ጆብ በየ15 ደቂቃው አስነሱት።

4. ገጹን ሙሉ በሙሉ ካሽ አድርጉ

ካሽ ማለት አንዴ የተዘጋጀን ገጽ በፋይል አስቀምጦ ለሚቀጥለው ሰው ያንኑ መስጠት ነው። ካሽ የተደረገ ገጽ ዜሮ ኩዌሪ ነው። ዎርድፕረስ ላይ ደብሊውፒ ሱፐር ካሽ፣ ካሽ ኢነብለር ወይም ሰርቨሩ ላይትስፒድ ከሆነ ላይትስፒድ ካሽ ይበቃችኋል። አንዱን ብቻ ምረጡ። ሁለት የገጽ ካሽ ፕለጊን አብሮ መጫን መዘዝ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የዕድሜው ጉዳይ ላይ ነው። ሳይታችሁ 300 ገጽ አለው፣ የካሹን ዕድሜ 5 ደቂቃ አደረጋችሁት እንበል። ያ በሰከንድ አንድ ገጽ የሚጎበኘው ቦት መጣ። 300ውን ገጽ ዞሮ ለመጨረስ 5 ደቂቃ ይፈጅበታል። ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ሲመጣ የካሹ ጊዜ አልፏል። ስለዚህ ሁሉም ገጽ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይሠራል። 216,000ው ኩዌሪ አሁንም 216,000 ነው። ካሹ ተጭኗል፣ ግን ምንም አልጠቀመም!

ዕድሜውን 6 ሰዓት ብታደርጉት 300 ገጽ በ6 ሰዓት አንዴ ብቻ ይሠራል። በአማካይ በሰዓት 50 ገጽ፣ 3,000 ኩዌሪ። በየደቂቃው የማይለወጥ ሳይት ከሆነ እንዲያውም አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ። ጽሑፍ ስታሻሽሉ ፕለጊኑ የዚያን ገጽ ካሽ ለብቻው እንዲያጠፋ አድርጉ። «በእያንዳንዱ ለውጥ ሁሉንም አጥፋ» የሚለው ምርጫ በርቶ ከሆነ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ባረማችሁ ቁጥር 300ውም ገጽ እንደገና መሠራት አለበት። ይህም 18,000 ኩዌሪ ነው።

ካሹን በሌላ በኩል የሚያፈሱም አሉ። ከማኅበራዊ ሚዲያ የሚመጣ ሊንክ ጫፉ ላይ የመከታተያ ኮድ ይለጠፍበታል፤ «ኤፍቢክሊድ» እና «ዩቲኤም» የሚባሉት ናቸው። ኤፍቢክሊዱ በየጠቅታው፣ ዩቲኤሙ በየዘመቻው ስለሚለያይ ካሹ አዲስ ገጽ ይመስለዋል። ጽሑፋችሁ በብዛት ሲጋራ ሳይቱ የሚወድቀው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። የካሽ ፕለጊኑ እነዚህን እንዲንቃቸው የሚያደርግ ቅንብር ካለው አብሩት። ሁለተኛው የተመልካች ቆጣሪ ነው። ገጹ ከካሽ ቢመጣም ቆጣሪው ከጀርባ አድሚን-አጃክስ ለሚባለው የዎርድፕረስ ፋይል ጥሪ ይልካል፤ በዚያ አንድ ጥሪ ዎርድፕረስ ከነፕለጊኖቹ ይነሳል። ዜሮ ኩዌሪ የነበረው ገጽ በአንዲት ቆጣሪ ምክንያት ተመልሶ 30 እና 40 ይሆናል። ቁጥሩ ለጎብኚው የማይታይ ከሆነ አውጡትና በውጭ የስታትስቲክስ አገልግሎት ተኩት።

የራሳችሁን ካሽ በፒኤችፒ የምትጽፉ ከሆነ ጥቂት ነገር ልብ በሉ። ፋይሉን መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ጻፉና ከዚያ ስሙን ቀይሩት። እንዲህ ካደረጋችሁ በመሃል የመጣ ጎብኚ ግማሽ ገጽ አያነብም። ጊዜው ሲያልፍ አሥር ሰው በአንድ ላይ ገጹን እንዳይሠራው የመቆለፊያ ፋይል ተጠቀሙ፤ ቁልፉን ያገኘው አንዱ ይሥራ፣ ሌሎቹ አሮጌውን ይውሰዱ። የገቡ ተጠቃሚዎችን ገጽ ግን በፍጹም ካሽ አታድርጉ። የአንዱ ሰው መረጃ ለሌላው ይታያል። ሼርድ ሆስቲንግ ላይ የፋይል ብዛት ገደብም ስላለ ያረጁትን የሚያጸዳ ክሮን ያዙለት።

5. ኮዱ ውስጥ የተደበቀውን ሉፕ ፈልጉ

ካሽ የማይሸፍነው ክፍል አለ፦ የገቡ ተጠቃሚዎች፣ የግዢ ቅርጫት፣ ፍለጋ። እዚህ ጋ ኩዌሪውን ራሱን መቀነስ የግድ ነው።

ትልቁ ጥፋተኛ ሉፕ (የሚደጋገም የኮድ ክፍል) ውስጥ ያለ ኩዌሪ ነው። 20 ጽሑፎችን በአንድ ኩዌሪ ታመጣላችሁ። ከዚያ ሉፕ ውስጥ ለእያንዳንዱ የጸሐፊውን ስም ትጠይቃላችሁ። ደግሞ የአስተያየቱን ብዛት። 1 ሲደመር 20 ሲደመር 20፣ 41 ኩዌሪ። ጽሑፉ 50 ሲሆን 101 ይሆናል። ኮዱ ሲነበብ ንጹሕ ስለሚመስል በዓይን አይያዝም፤ ለዚህ ነው ቁጠሩ ያልኳችሁ።

ማስተካከያው ቀላል ነው። የጸሐፊውን ስም በጆይን (ሁለት ሠንጠረዥ በሚያገናኘው ትዕዛዝ) ከጽሑፉ ጋር አብራችሁ አምጡ። ለአስተያየቱ ብዛት የ20ውን ጽሑፍ መለያ ቁጥር በአንድ ዝርዝር ሰብስቡ፣ «ኢን» በሚለው ቃል ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጠይቁ፣ በ«ግሩፕ ባይ» ቁጠሩ። ውጤቱን መለያ ቁጥሩ ቁልፍ በሆነበት አሬይ (የእሴቶች ዝርዝር) ውስጥ አስቀምጡ። ሉፑ ውስጥ ስትገቡ ከአሬዩ ታነባላችሁ እንጂ ዳታቤዙን አትነኩም። 41 የነበረው 2 ሆነ። ላራቬል የሚባለውን የፒኤችፒ ማዕቀፍ የምትጠቀሙ ከሆነ «ዊዝ» የሚለው ተግባር ይህንኑ ነው የሚሠራላችሁ።

ዎርድፕረስ ላይ አንድ የማዝንበት ነገር አለ። ለፍጥነት ተብሎ የሚዞር ምክር አለ፤ «አፕዴት ፖስት ሜታ ካሽ» የሚለውን አጥፉት ይላል። ዎርድፕረስ ግን በነባሪው በዝርዝሩ ያሉትን ጽሑፎች ሁሉ ሜታ (ተጨማሪ መረጃ) በአንድ ኩዌሪ ያመጣል። እሱን አጥፍታችሁ ከዚያ በሉፑ ውስጥ ሜታ ካነበባችሁ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ኩዌሪ ትጨምራላችሁ። ሜታ ጨርሶ የማታነቡበት ቦታ ካልሆነ አትንኩት። «ኖ ፋውንድ ሮውስ» የሚለው ግን ደህና ነው። ገጽ ቁጥር የማያስፈልገው ዝርዝር ላይ፣ ለምሳሌ «ተዛማጅ ጽሑፎች» ላይ ብታበሩት ጠቅላላ ብዛቱን የሚቆጥረው ኩዌሪ ይቀርላችኋል።

ቅንብር ነገሮችም አሉ። የሳይቱ ስም፣ የሜኑ ዝርዝር፣ የምድቦች ስም በወር አንዴ ነው የሚለወጡት፣ የሚጠየቁት ግን በእያንዳንዱ ገጽ ነው። አንድ ጊዜ አምጥታችሁ በፒኤችፒ አሬይ ፋይል ውስጥ ጻፏቸው። ቅንብሩ ሲቀየር ፋይሉን እንደገና ጻፉ።

6. መጻፉን ሰብስቡ

1226 የሚያሳያችሁ የለውጥ ገደብን ከሆነ ችግሩ ንባብ አይደለም። የተለመደው ምክንያት ለእያንዳንዱ ጉብኝት አንድ መስመር የሚጽፍ የሎግ ወይም የቆጣሪ ሠንጠረዥ ነው። ወደ ዳታቤዝ ከመጻፍ ይልቅ በአንድ የጽሑፍ ፋይል መጨረሻ ላይ፣ በመቆለፊያ፣ አንድ መስመር ጨምሩ። በየ10 ደቂቃው የሚነሳ ክሮን ፋይሉን ስሙን ቀይሮ ይውሰድ፣ በጽሑፉ መለያ ቁጥር ይደምር፣ ድምሩን ብቻ ወደ ዳታቤዙ ይጻፍ። 2,000 ለውጥ የነበረው ወደ 40 ይወርዳል።

ብዙ መረጃ የምታስገቡ ከሆነ በአንድ «ኢንሰርት» ብዙ ረድፍ ላኩ። 10,000 ረድፍ በ500 በ500 ሲላክ 20 ትዕዛዝ ብቻ ነው። «ማክስ አላውድ ፓኬት» ከሚለው መጠን እንዳያልፍ ብቻ ተጠንቀቁ። የዳታቤዝ ባክአፕ ስትመልሱም እንዲሁ ነው። ፋይሉ እያንዳንዱን ረድፍ በተለየ ኢንሰርት ከጻፈው መልሶ ማስገባቱ ብቻውን ድርሻችሁን ይጨርሳል። ከፒኤችፒማይአድሚን ስታወጡ በአንድ ትዕዛዝ ብዙ ረድፍ የሚለውን ምርጫ ያዙ።

7. ግንኙነቱን አታቆዩ

በአንድ ጊዜ ክፍት የሆኑት ግንኙነቶች በዝተው ከሆነ የኩዌሪ ብዛት መቀነስ ብቻውን አይበቃም። ዋናው ጥያቄ እያንዳንዱ ስንት ጊዜ ይቆያል የሚለው ነው። 10 ግንኙነት ቢፈቀድላችሁና አንድ ገጽ ግንኙነቱን ለ5 ሰከንድ ቢይዘው በሰከንድ 2 ሰው ብቻ ነው የምታስተናግዱት። ወደ ግማሽ ሰከንድ ብታወርዱት 20 ይሆናል።

ስለዚህ ቀርፋፋውን ኩዌሪ ፈልጉና ፊቱ ላይ «ኤክስፕሌይን» ጨምራችሁ አስኪዱት። «ታይፕ» በሚለው ዓምድ ስር «ኦል» ካያችሁና የረድፉ ቁጥር ትልቅ ከሆነ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች እያነበበው ነው። በ«ዌር» ውስጥ ያለው ዓምድ ላይ ኢንዴክስ (ፈጣን መፈለጊያ ማውጫ) መጨመር ብዙውን ጊዜ ነገሩን ይቀይረዋል። የቃሉ ፊትም ኋላም የመቶኛ ምልክት ያለበት «ላይክ» ግን ተራ ኢንዴክስን አይጠቀምም፤ ለዚያ የፉልቴክስት ኢንዴክስ ነው የሚያስፈልገው።

በቀላሉ የሚታለፍ ሌላ ነገር አለ። ስክሪፕታችሁ ግንኙነት ከፍቶ፣ ከዚያ ኢሜይል ሲልክ ወይም የውጭ አገልግሎት (ኤፒአይ) መልስ ሲጠብቅ ግንኙነቱ ዝም ብሎ ተይዞ ይቆያል። ከዳታቤዙ የሚያስፈልጋችሁን አንብባችሁ ስትጨርሱ ዝጉት፣ ከዚያ ኢሜይሉን ላኩ። ቋሚ ግንኙነት የሚባለውን ደግሞ ሼርድ ሆስቲንግ ላይ አልመክርም። በሰዓት የሚከፈተውን ቁጥር ይቀንሳል፣ ነገር ግን ሥራ ፈቶ የሚቀመጠው ግንኙነት በአንድ ጊዜ የሚፈቀደውን ይሞላባችኋል።

8. ከማይኤስኪውኤል ማውጣት የሚቻለውን አውጡ

ሁሉም መረጃ እዚያ መሆን የለበትም። በብዛት የሚነበብ፣ አልፎ አልፎ የሚጻፍ ከሆነ ኤስኪውላይት ውስጥ በጣም ጥሩ ይሠራል። ኤስኪውላይት አንድ ፋይል ነው። ሰርቨር የለውም፣ ስለዚህ የማይኤስኪውኤሉ የሰዓት ቆጣሪ አያየውም። መዝገበ ቃላት፣ የፖስታ ኮድ ዝርዝር፣ የዕቃ ካታሎግ ለመሳሰሉት ተስማሚ ነው። በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት አንድ ብቻ ስለሆነ በየሰከንዱ ለሚጻፍበት ነገር አትጠቀሙበት። ፋይሉን ከፐብሊክ ፎልደሩ ውጭ አስቀምጡት፤ አለዚያ አድራሻውን የገመተ ሁሉ ያወርደዋል። ዎርድፕረስ ላይ ያላችሁም ኤስኪውላይት ኦብጀክት ካሽ የሚባል ፕለጊን አላችሁ። ሬዲስ ወይም ሜምካሽድ (መረጃን በሜሞሪ የሚይዙ የካሽ ፕሮግራሞች) የሌለበት ሆስቲንግ ላይ የተደጋገሙ ጥያቄዎችን ከማይኤስኪውኤል ላይ ያነሳል።

9. ገደቡ ቢያልቅም ሳይቱ በሥርዓት ይውደቅ

ይህን ሁሉ ሠርታችሁም አንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። ግንኙነቱ እንቢ ሲል ኮዳችሁ ስህተቱን ይያዝና መጀመሪያ አሮጌውን ካሽ ይፈልግ። የትናንት ገጽ ከባዶ ገጽ ይሻላል። ካሽም ከሌለ 503 ኮድ (አገልግሎቱ ለጊዜው የለም የሚል) ከ«ሪትራይ አፍተር» (ከስንት ጊዜ በኋላ ተመለሱ ከሚለው) ጋር ይመልስ። የስህተት ገጹን በ200 ኮድ (ሁሉ ደህና ነው በሚለው) ከመለሳችሁ ጉግል እሱን የገጻችሁ ይዘት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። 503 ሲያይ ግን ጊዜያዊ እንደሆነ ገብቶት ጉብኝቱን ያረግባል። ዎርድፕረስ ላይ ዲቢ-ኤረር የሚባል የፒኤችፒ ፋይል በደብሊውፒ-ኮንተንት ፎልደር ውስጥ ብታስቀምጡ ከነባሪው የስህተት ገጽ ይልቅ እሱ ይታያል። 503ውን እዚያ ውስጥ መጻፍ ትችላላችሁ።

ብዙ የዳታቤዝ ተጠቃሚ ስለመፍጠር

ይህን ዘዴ የሆነ ሰው ይነግራችኋል፣ ስለዚህ ከእኔ ስሙት። ገደቡ የሚቆጠረው በዳታቤዝ ተጠቃሚ ነው። አምስት ተጠቃሚ ፈጥሮ ለአንድ ዳታቤዝ ፈቃድ ሰጥቶ በየተራ መጠቀም በቴክኒክ ይሠራል። እኔ አልመክረውም። የሆስቲንግ ውላችሁን አንብቡ፤ ገደብን በዘዴ ማለፍ የሚከለክል ውል ከሆነ አካውንታችሁ ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ የሚጠፋው የ20 ደቂቃ አገልግሎት ሳይሆን ሳይቱ ከነኢሜይሉ ነው። ከጎረቤቶቻችሁ ድርሻ እየወሰዳችሁ መሆኑም አይቀርም። ሁለት የተለያዩ ሳይቶች ካሏችሁ ግን ለእያንዳንዱ የራሱን ዳታቤዝና የራሱን ተጠቃሚ መስጠት ትክክለኛ አሠራር ነው። አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞት አይወድቅም።

ለሆስቲንጉ ስትጽፉ፣ ወይም ስትለቁ

የሠራችሁትን ሠርታችሁ፣ ቆጥራችሁ፣ አሁንም የሚያልቅ ከሆነ ለድርጅቱ ጻፉ። «ሳይቴ አይሠራም» ብቻ አትበሉ። የስህተቱን ቁጥር፣ የትኛው ገደብ እንደሆነ፣ የደረሰበትን ሰዓት፣ አንድ ገጽ ስንት ኩዌሪ እንደሚልክና ለመቀነስ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉላቸው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለባለሙያው ይደርሳል። አንዳንድ ጊዜ ጣሪያውን ያነሱላችኋል፣ አለዚያም ገደቡ ወደማይጠብበት ፓኬጅ ይመሯችኋል።

የገጹ ኩዌሪ ከ30 በታች ወርዶ፣ ቦቱ ተዘግቶ፣ ካሹ እየሠራ ከሆነና እውነተኛ ሰው ብቻ ድርሻውን እየጨረሰው ከሆነ ሳይታችሁ አድጓል። ያኔ ወደ ቪፒኤስ (የራሳችሁ ድርሻ ተለይቶ የሚሰጣችሁ ሰርቨር) መሄድ ይገባዋል። እዚያ የሰዓት ገደብ የሚጥልባችሁ የለም፣ ግን የማሻሻያውም፣ የባክአፑም፣ የደኅንነቱም ኃላፊ እናንተ ናችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የገጾቻችሁን የኩዌሪ ቁጥር መዝግባችሁ ያዙ፤ አዲሱ ቦታ ላይ ከተጫነ በኋላ ያንኑ ቁጥር ካላገኛችሁ በሽግግሩ መሃል ያልበራ ካሽ ሊኖር ይችላል።